ዛንዚባር፦ እናቴ ጀንበር ባሕር ውስጥ ስትገባ ማየት ትፈልጋለች፣ የቱ ጋ ላስቀምጣት?

የሜክሲኮዋ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ። የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሳታይ ትስላለች፣ ማዳጋስካርን ሳይቀር። ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ወጣት ሳለች ምጽዋ ልትሄድ ተዘጋጅታ ጦርነቱ ቀደማት። ከዚያ በኋላ እኛ መጣን፣ ኑሮ መጣ።

አምና ጉልበቷን ታመመች። ዘንድሮ እኔና ወንድሜ አዋጣንና ጥር 20 ዛንዚባር ልወስዳት ነው፤ 5 ሌሊት። ምን ማየት ትፈልጊያለሽ ስላት አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ጀንበር ውሃ ውስጥ ስትገባ»። ሌላው ለሷ ምርቃት ነው።

ፓጄ የሚባል ቦታ ሆቴል ይዣለሁ። አሸዋው ነጭ፣ ዋጋው ደህና። ዛሬ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እዚያ እኮ ፀሐይ አትጠልቅም» አለኝ። ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር አለ እንዴ? ሳቅሁበት። ቤት ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ።

ቡና በጤና አዳም · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 2:31

ባልደረባሽ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ነው ያሳቀሽ። ፓጄ ያለው በደሴቷ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ባሕሩ ከፊትሽ፣ ጀንበሯ ከጀርባሽ። ማታ የምታዪው ከኮኮናት ዛፍና ከሆቴሉ የውሃ ታንከር ኋላ ስትወርድ ነው። ጠዋት ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይዋ ከባሕሩ ብድግ ስትል ታያለሽ። እናትሽ ግን የጠየቁት መግቢያዋን እንጂ መውጫዋን አይደለም።

ለገሃር ጫፍ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 2:48

ካርታ ለማይገባው ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው። (ለመምህሯ አይደለም፣ ለልጃቸው ነው።)

ፒያሳ ወጥተሽ ማዘጋጃ ቤቱን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ። ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ይወርዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ማለት ነው። በቀኝሽ መርካቶ፣ በግራሽ አራት ኪሎና ካዛንቺስ። አሁን መንገዱን ደሴት አድርጊው። ኡንጉጃም፣ እኛ ዛንዚባር የምንላት ዋናዋ ደሴት፣ እንደዚሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች ናት፤ 85 ኪሎ ሜትር ያህል። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ኑንግዊ አለ። መርካቶ በኩል ስቶን ታውን። ካዛንቺስ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ። ጀንበር ሁሌም መርካቶ በኩል ነው የምትገባው። አንቺ አልጋ የያዝሽው ካዛንቺስ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ ነበርኩ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 2:52

ሰፈራችን ፈርሶም አልተረፈም። አሁን ደግሞ ጀንበር የማይታይበት ሆነ?

ለገሃር ጫፍ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 2:55

ይቅርታ ወንድሜ። የጀንበር መውጫ ነው ማለቴ ነው። ክብር ነው እኮ።

ሐዋሳ ናፋቂ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 3:07

ዶላር ከምትከሰክሺ ሐዋሳ ውሰጃቸው። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጀንበር የምትገባው ውሃው ላይ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ወንበር ስባችሁ፣ ዓሣ አዝዛችሁ፣ አባ ኮዳው አጠገባችሁ እንደ ዘበኛ ሲንጎራደድ። 275 ኪሎ ሜትር ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅሽ የለም።

የሜክሲኮዋ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 3:15

ሐዋሳን ስድስት ጊዜ አይታዋለች። «ደስ ይላል፣ ግን ማዶው ይታያል» ነው የምትለው።

አንድ ጊዜ የተቃጠለች · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 3:40

እኔ ልናገር። የጫጉላ ሽርሽራችን እዚያው ምሥራቅ በኩል ነበር። የሆቴሉ ፎቶ ላይ ባሕሩ ብርቱካን መስሏል፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ብርጭቆ። እኔም ማታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማን ጎሕ ሲቀድ በብርጭቆ ይጠጣል?

በመጀመሪያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለባብሰን ተቀባብተን ወጣን። ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው። ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ ከሩቅ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ትታያለች። ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሰማዩ ግራጫ። ባሌ «ደመና ነው፣ ነገ ይገለጣል» አለ። ሦስት ማታ ሙሉ «ደመና ነው» ስንባባል ከረምን። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ውሃ ሊጠጣ የተነሣው ባሌ መጋረጃውን ገልጦ ጮኸ። ፎቶው ያ ነበር! የንጋት ፎቶ!

ለእንግዳ ተቀባዩ ስንነግረው «ማታ ነው ብለን የጻፍነው ቦታ የለም» አለን። ፈገግ ብሎ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ ካርታ ሳናይ መሄዳችን የራሳችን ጥፋት ነው። ግን ፎቶ አትመኑ። ሆቴሉን ካርታው ላይ ፈልጊና የትኛው ዳርቻ ላይ እንደተቀመጠ በዓይንሽ እዪ።

አቡጊዳ · ታኅሣሥ 4፣ ማታ 3:44

«ሦስት ማታ ደመና ነው ስንባባል» 😂 ትዳር ማለት ይኸው ነው።

ዳሬሰላም መልስ · ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 1:20

ዳሬሰላም ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ዛንዚባር በፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ መመላለሻዬ ነበር። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሁሉም ሰው ኑንግዊና ኬንድዋ ይልሻል። አልተሳሳቱም። ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ናቸው። ውሃው እንደ ምሥራቁ ርቆ አይሸሽም፣ ጀንበሯ ስትገባ ባሕሩ እግርሽ ሥር ነው። ግን ከስቶን ታውን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በይው። ማታ ሙዚቃው ይጮኻል። አሸዋው ደግሞ ዱቄት ነው። ለታመመ ጉልበት ዱቄት አሸዋ ከእንጦጦ ዳገት ይብሳል። ኑንግዊ የሚለው ስም ብቻውንም አይበቃሽም። ጫፍ ስለሆነ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሆቴልም አለበት።

ሚቻምቪ የሚባል ቦታ አለ። ከፓጄ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ቀጭን የመሬት ምላስ ነው፤ ምዕራብ ጎኑ የቿካን ባሕረ ሰላጤ ያያል። ስለዚህ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ሆነሽ ጀንበር ውሃ ላይ ስትወርድ ማየት ትችያለሽ። የፓጄውን ሆቴል መሰረዝ ካልፈለግሽ መውጫሽ ይኼ ነው፣ አንድ ማታ ታክሲ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ችግሩ ሰላጤ ስለሆነ ማዶ አለው። እሳቸው ደግሞ ማዶ የሚታይበትን እንደማይወዱ ነግረሽናል።

እኔ ለእሳቸው የምመርጠው ስቶን ታውንን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፣ አሸዋ ውስጥ መዳከር የለም። ባሕሩ ዳር ፎሮዳኒ የሚባል መናፈሻ አለ፤ መቀመጫ ሞልቶበታል። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሰፈሩ ልጆች እየተንደረደሩ ከግንቡ ላይ ባሕሩ ውስጥ ይዘላሉ፣ አየር ላይ እየተገለባበጡ። እሱ ብቻውን ትርዒት ነው። ከመናፈሻው ትይዩ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው የሱልጣኑ ሕንፃ አለ፣ የድንቆች ቤት የሚሉት። በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሷል። ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ጀንበር ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትገባም። በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ትጠጋለች። ወደ ምዕራብ ዞረሽ ስትቆሚ በጥር ከግራሽ በኩል ናት ማለት ነው። ፎሮዳኒ የሚያየው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ በእናንተ ወር በግራ በኩል ያሉት ሕንፃዎች ሊጋርዷችሁ ይችላሉ። ትንሽ ወደ ሻንጋኒ ጫፍ እለፉ። እዚያ አፍሪካ ሐውስ የሚባል፣ ጥንት የእንግሊዞች ክበብ የነበረ ሆቴል አለ። ሰገነቱ ፊት ለፊት ባሕሩን ያያል። ደረጃ አለው፣ አልዋሽሽም። አንዴ ከወጡ በኋላ ግን ሻይ ይዞ መቀመጥ ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ የፊቱ ወንበር ቶሎ ይያዛል።

ባለ ሸራዋን ጀልባ፣ ዳው የሚሏትን፣ ለጀንበር ጉዞ ያከራያሉ። ፎቶው ያምራል። ግን ብዙ ጊዜ የምትሳፈሪው እስከ ጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ገብተሽ ነው። ለእሳቸው አልመክርም። ደግሞም ዳው የምታምረው ከዳር ሆነሽ በጀንበሯ ፊት ስታልፍ ስታያት ነው፤ ውስጧ ከተቀመጥሽ አትታይሽም። ለመምህሯ ይኼን ንገሪልኝ፦ በጥር የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ካስካዚ ይባላል። የዐረብ ነጋዴዎች ወደ ዛንዚባር የሚወርዱት በእሱ ነበር። ኩሲ የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሸራቸውን አዙረው ይመለሳሉ።

ስለ ሰዓቱ። በጥር ማለቂያ ጀንበር የምትገባው 12:45 ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ፣ ግን የእነሱም ነው! ስዋሂሊ እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው። የማታውን 12 ሰዓት «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ይላሉ፤ ቀጥታ አሥራ ሁለት ማለት ነው። ሆቴል ውስጥ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከመንገድ ታክሲ ጋር ስትቀጣጠሪ ግን በየትኛው እንደሆነ ጠይቂ።

ደግሞ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ። ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ጀንበሯ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጠርዟ አድማሱን ከነካ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። «ስኳር አምጣ» ብለሽ ብትዞሪ አለቀ። ከገባች በኋላ ግን ቶሎ አትነሡ። ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ሲሄድ ነው ሰማዩ የሚቀላው፤ 10፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ።

የሜክሲኮዋ · ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 2:05

እግዜር ይስጥህ። ቢሮ ሆኜ እያነበብኩ ሻዬ ቀዘቀዘ። አንድ ጥያቄ፦ እማዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እዚያ ምን ትበላለች?

ዳሬሰላም መልስ · ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 2:19

ከእኛ አገር ጾመኛ የተሻለ ትበላለች። «ማሃራጌ ያ ናዚ» በይ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ነው፣ ሩዝ ወይ ቻፓቲ አለው። ቻፓቲው ቅቤ እንዳይነካው ጠይቂ። ማታ ፎሮዳኒ ላይ ድንኳን ድንኳኑን ይዘው ያበስላሉ፤ ሸንኮራውን ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ጨምቀው ይሰጧችኋል። ዓሣውን በተመለከተ እዚህ ክርክር አልከፍትም።

ቡና በጤና አዳም · ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 2:22

አትክፈት። ባለፈው የዓሣው ክርክር አራት ገጽ ሄዶ መጨረሻው መሰዳደብ ነበር።

ወረቀት አይጥፋ · ታኅሣሥ 5፣ ቀን 6:30

ከጀንበሩ በፊት ወረቀቱ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለጥር 19 አታቆዩት። ዛንዚባር ደግሞ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር የመድን ክፍያ አላት፤ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ ይከፈላል። ሌላው፣ ሻንጣ ውስጥ ፌስታል እንዳይገኝ። ታንዛኒያ ፌስታል ከልክላለች። በርበሬውንና ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሩት። የኛ ሰው ያለ ፌስታል ሻንጣ ማዘጋጀት እንደሚከብደው አውቃለሁ።

ልብስም አለ። ስቶን ታውን የሙስሊም ከተማ ናት፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እናትሽ ነጠላ ከያዙ ጨርሰዋል።

ንጋት ወዳድ · ታኅሣሥ 5፣ ማታ 1:40

ሁላችሁም ጀንበር መጥለቂያ ላይ ተረባረባችሁ፣ ፓጄን ግን አትናቁት። የመሸሹን ነገር እንደ ጉድለት ታወሩታላችሁ፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ይወርዱና በችካልና በገመድ የተከሉትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ጨርሳ ስትጠፋ ነው ውሃው በጣም የሚርቀው። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ይኼን ሳያይ ይመለስ? እኔ ብሆን ሁለቱን እከፍላቸው ነበር፤ ሦስት ሌሊት ስቶን ታውን፣ ሁለት ሌሊት ፓጄ።

የሜክሲኮዋ · ታኅሣሥ 6፣ ማታ 2:00

ወሰንኩ። ፓጄን ሰረዝኩ፣ አምስቱንም ሌሊት ስቶን ታውን ያዝኩ። ንጋት ወዳድ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሻንጣ ማዛወሩ ለጉልበቷ ይከብዳታል። የጠየቀችውም ጀንበር መግቢያ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስመለስ እነግራችኋለሁ።

ሐዋሳ ናፋቂ · ታኅሣሥ 6፣ ማታ 2:03

ሐዋሳ አሁንም ቦታዋ ላይ ናት።

የሜክሲኮዋ · የካቲት 2፣ ማታ 2:30

ተመለስን። ቃሌን ልጠብቅ።

የመጀመሪያው ማታ ደመና ሆነ። እውነተኛ ደመና፣ «አንድ ጊዜ የተቃጠለች» አትሳቂ። ፎሮዳኒ ተቀምጠን ልጆቹ ሲዘሉ አየን። እማዬ ለእያንዳንዱ ዝላይ ነጥብ ትሰጥ ነበር፤ ከ10። ማንም ከ7 በላይ አላገኘም። አስተማሪነት አይለቅም።

በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሻንጋኒው ሰገነት ላይ ነበርን። ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወጣች። የፊቱን ወንበር ያዝን። ዳዎቹ አለፉ። 12:47 ላይ ገባች። በዚያችው ቅጽበት ከየመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተከታትሎ ተነሣ። እማዬ ሰዓቷን አየች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ምንም አላለችም። እኔ አለቀስኩ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ።

ዳሬሰላም መልስ እንዳለው አልተነሣንም። ሰማዩ ሲቀላ እማዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና፦

«ቆንጆ ነው። ግን ውሃ ውስጥ አልገባችም» አለች።

«እንዴት ነው ያልገባችው?»

«ይኼ እኮ መተላለፊያ ነው። ከዚያ ማዶ ዋናው መሬት፣ ታንጋኒካ አለ፣ 35፣ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዳርቻው ዝቅ ያለ ስለሆነ አልታየንም እንጂ የገባችው መሬት ላይ ነው። ውሃ ብቻ የሆነው ባሕር ከጀርባችን ነው ያለው።»

ከጀርባችን ያለው ፓጄ ነው። ሰርዤው የመጣሁት ፓጄ።

በማግስቱ ሌሊት ታክሲ ጠራን። «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» አልኩት፣ ሹፌሩ በትክክል ለእኛ 11 ሰዓት መጣ። 12 ሰዓት ሲያልፍ ፓጄ ደረስን። ከሰረዝኩት ሆቴል ፊት ለፊት። ዘበኛው ሳንጠይቀው የፕላስቲክ ወንበር አወጣላት፣ «ሺካሞ» ብሎ ሰላም አላት፤ ለትልቅ ሰው የሚባል ነው አሉ። ውሃው ሸሽቶ ነበር። እማዬ ወንበሩ ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልተቀመጠችም። ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን ይዛ እርጥቡን አሸዋ መራመድ ጀመረች። እርጥቡ አሸዋ ጠንካራ ነው፣ እንደ ሲሚንቶ። ማንም አልነገረንም ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ፀሐይዋ ወጣች።

«ጥቃቅኖቹን ደሴቶች ካልቆጠርን፣ ከዚህ ወዲያ ጃቫ ነው» አለች።

ከዚያ ውሃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨው ነው ብላ ያስተማረችውን።

ንጋት ወዳድ · የካቲት 2፣ ማታ 2:41

ምንም አልናገርም። ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አንድ ጊዜ የተቃጠለች · የካቲት 2፣ ማታ 2:50

ባሌ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ይኸው፣ ሆቴላችን ትክክል ነበር» እያለ ነው። በመድኃኔዓለም አስቁሙልኝ።

ሐዋሳ ናፋቂ · የካቲት 2፣ ማታ 3:02

ሐዋሳም እኮ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ከተሻገሩ ፀሐይ ጠዋት ከውሃው ላይ ትወጣለች።

የሜክሲኮዋ · የካቲት 2፣ ማታ 3:09

ጠየቅኋት። «ማዶው ይታያል» ብላለች።